በዲማና በአካባቢው ለሕፃናት ስለ አገር ዕፅዋትና እንስሳት በእጅ ሥራ ስለሚሰጥ ትምህርት

ምድር የምታበቅለው ዛፍና ሣር፣ በላዩ የሚሠፍረው ወፍና ንብ፣ በአፈሩም ውስጥ የሚኖረው ትል እያንዳንዱ ለብቻው የሚኖር አይደለም። አንዱ ለሌላው ምግብ፣ አንዱ ለሌላው ጥላ፣ አንዱም ለሌላው ጠባቂ ነው። ይህ የሕያዋን ፍጥረት ብዛትና ልዩ ልዩነት ዛሬ ብዝኃ ሕይወት ይባላል፤ ፍጥረቶቹ እርስ በርሳቸው፣ እንዲሁም ከአፈርና ከውሃ ከአየርም ጋራ ያላቸው ግንኙነት የሚመረመርበት ትምህርት ደግሞ ሥነ ምኅዳር ተብሏል። ቃሉ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለጎጃም ገበሬ አዲስ አይደለም። ብሳና ቅጠሉን ያራገፈበት ማሳ እንደሚለማ፣ የወይራ ጢስ የወተት ዕቃን እንደሚያጥን፣ ንብም አበባ ባጣችበት ዓመት ቀፎዋን ትታ እንደምትሄድ ያውቃል።

ነገር ግን ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ልጁ ከአባቱ ጋራ በውሎው ሲከተለው ነው። ዛሬ ልጁ የቀኑን ግማሽ በትምህርት ቤት ይውላል። ትምህርት ቤቱ የአገሩን ዛፍ ካላሳየው፣ አባቱም የሚያሳይበት ጊዜ ካጣ፣ ዕውቀቱ በመካከል ይቋረጣል። ስለዚህ ሕፃናትን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ አገራቸው ዕፅዋትና እንስሳት ማስተማር የአስተማሪ ሥራ ብቻ ሳይሆን የአስተዳዳሪውም፣ የወረዳው ሹምም፣ የባለ ይዞታውም ሥራ ነው።

ስለ ዲማ የትምህርት ልማድ

ዲማ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና አቅራቢያ የሚገኝ፣ የጊዮርጊስ ገዳም ያለበት፣ በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ ስፍራ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ሌላ በዲማም ተምረዋል። በዚህ ዓይነቱ የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ቃልን ብቻ ይሸመድድ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለመቁጠር ወደ ዱር ይወጣል፤ ሰምና ወርቁንም የሚያወጣው ከሚያየው ከዛፉ፣ ከንቡ፣ ከዝናሙና ከእርሻው ነው። ጽሕፈት የሚማረው ደግሞ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፣ ቀለሙን በጥብጦ ያዘጋጃል፣ ብራናውን ወጥሮ ይፍቃል። እንግዲህ በእጅ ሠርቶ መማር ለዲማ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር ሳይሆን ከቤቱ ያለ የቆየ ልማድ ነው።

ለዘመናዊው ትምህርት ቤትም በሩ ክፍት ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች የአካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት እንዲሰጥ ተደርጓል። ይሁን እንጂ ስሙ የአካባቢ ቢሆንም ልጁ አካባቢውን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ እያየ፣ ከመስኮቱ ውጭ የቆመውን ጥቁር እንጨት ሳያውቅ ክፍሉን ሊጨርስ ይችላል።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን

በጎጃምና በጎንደር ደጋ የቀድሞው ደን አብዛኛው ተመንጥሮ ማሳና ግጦሽ ሲሆን፣ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛና ሌላውም ዛፍ በአጸዱ ተከብሮ ኖሯል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል፤ የጥናታቸውም መጽሐፍ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ወጥቷል። በጥቂት ጋሻ መሬት ላይ ይህን ያህል ዓይነት መገኘቱ አባቶች የጠበቁት ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ ያሳያል።

ዳሩ ግን ከዚሁ ጥናት ጋራ ሁለት የሚያሳስቡ ነገሮች ተገልጸዋል። አንደኛው፣ በእነዚህ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይ የትላልቆቹ ዛፎች ዘር እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች በኋላ አፈሩ በራሱ ሊተካት አይችልም። ሁለተኛው፣ ከብት በሚገባበት ደን ቡቃያው ተረግጦና ተግጦ ሲቀር፣ ከብት በተከለከለበት ግን ችግኙ በብዛት በቅሎ መቆየቱ ነው። ከብት የሚገባበት ደን ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ሲገቡበት ግን ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ይመስላል። ወጣት ዛፍ የሌለው ደን ወራሽ እንደሌለው ቤት ነው። ይህንንም ከሁሉ አስቀድሞ ሊያይና ሊያስተካክል የሚችለው በዙሪያው ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው።

ነገሩ በእጅና በዓይን ስለ ምን እንዲማሩት ይገባል

«ደን ዝናም ያመጣል፣ አፈርን ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ልጁ መቶ ጊዜ ቢደግመው ከፈተና በኋላ ይረሳዋል፤ አፈሩ ሲታጠብ በገዛ እጁ የለካው ልጅ ግን አይረሳውም። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት ገበሬ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1890ዎቹ በእርሻ ኪሣራ ተጎድቶ ልጆቹ ወደ ከተማ በፈለሱ ጊዜ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በመንግሥት ገንዘብ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ጥናት እንዲሰጥ አደረገ። ከሥራው መሪዎች አንዷ አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ በ1911 ለአስተማሪዎች ትልቅ መምሪያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ የመጽሐፉም መንገድ ልጁ ነገሩን አስቀድሞ በዓይኑ መርምሮ ትርጓሜውን በኋላ እንዲማር ነው።

በኢትዮጵያም ለዚህ ምስክር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በውሃው ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኟቸው። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በእንደዚህ ያሉ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ስለ ሆነ፣ ከዚህ ትዝብት ብዙ ምርምር ተከተለ፤ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በእንዶድ ልብስ ያጠበው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ፍሬው የተገኘው ግን ከማጠቢያው በታች ያለውን ተመልክቶ ምክንያቱን በመጠየቅ ነው። ለልጆች ሊሰጥ የሚገባው ይህ የመመልከትና የመጠየቅ ልማድ ነው።

ለዓመቱ የተመደቡ አምስት ሥራዎች

ከዚህ በታች የተጻፉት ሥራዎች ብዙ ወጪ የማይጠይቁ፣ ከአገሩ ወቅት ጋራ የተስማሙ ናቸው።

1ኛ፤ በገመድ መቁጠር። በመስከረምና በጥቅምት፣ ሣሩና አበባው ገና ሳይደርቅ፣ አስተማሪው አራት ችካልና ገመድ ይዞ በሁሉ ጎን አንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይከልላል። ይህንንም በሦስት ስፍራ ያደርጋል፤ አንዱን በደን ዳር፣ አንዱን በግጦሽ ላይ፣ አንዱን በባሕር ዛፍ ሥር። ልጆቹ በየክልሉ ውስጥ ስንት ዓይነት ዕፅ፣ ስንት ዓይነት ነፍሳት እንዳለ ይቆጥራሉ። ስሙን የማያውቁትን አንድ ቅጠል ወስደው ለአያቶቻቸው ያሳያሉ፤ በማግስቱም ስሙንና ጥቅሙን ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ረገድ ሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ፤ ግራዋን ለዕቃ ማጠቢያ፣ ጌሾን ለጠላ፣ ወይራን ለዕጣን የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና።

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶና ለገንዘብ የጠቀመ ዛፍ ነው፤ ስለዚህ አስተማሪው በልጆች ፊት አይሰድበው። ልጆቹ በሥሩ የቆጠሩትንና በደኑ ዳር የቆጠሩትን አስተያይተው የትኛው ለምን እንደሚሆን፣ የቱስ ስፍራ ለየትኛው እንደሚገባ ራሳቸው ይፍረዱ።

2ኛ፤ ዘር መሰብሰብ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ እህል ሲወቃ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ እፍኝ ዘር ያመጣል። የቢቸናና የአካባቢው ዋልካ መሬት በነጭ ጤፍ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ጤፍ፣ ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ፣ ባቄላና ሽንብራም ይገኛል። ዘሩ በየዓይነቱ በትንሽ ጠርሙስ ወይም በቅል ይቀመጥና ስሙ፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የሚዘራበትም ወር ይጻፍበታል።

ይህ የልጅ ጨዋታ እንዳይመስል፣ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየገበያውና በየማሳው የእህል ዘር መልቀሙን ማስታወስ ይበቃል፤ ከዚያም በኋላ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቆጠራት። ኋላም በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ የተገኘ አንድ የዘር ጠባይ በካሊፎርኒያ ገብሱን ያጠፋ የነበረውን የቢጫ ድንክ በሽታ ለመከላከል አገልግሏል። በአዲስ አበባም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1976 የአገር ዘር የሚጠበቅበት ማዕከል ተቋቋመ፤ እርሱም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ገበሬው ዋጋ የለውም ብሎ የተወው ዘር ነገ በሽታ ሲመጣ የሚፈለገው እርሱ ሊሆን ይችላል።

3ኛ፤ ችግኝ ማፍላት። ከጥር ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ትንሽ መደብ ይዘጋጃል። ዘሩ የሚለቀመው በአካባቢው ካሉት ጤነኛ ትላልቅ ዛፎች ነው። የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ልጆቹ ዘሩን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ለግማሹ አስተማሪው የፈላ ውሃ አፍስሶበት እዚያው እየቀዘቀዘ እንዲያድር ያደርጋል፤ ግማሹ እንዳለ ይዘራል። ከሁለቱ መደቦች የትኛው ቀድሞና በዝቶ እንደ በቀለ ልጆቹ በየሳምንቱ እየቆጠሩ ይጽፋሉ። ምክንያቱን አስተማሪው የሚነግራቸው ልዩነቱን ካዩ በኋላ ነው።

4ኛ፤ አፈርና ውሃ መለካት። በሚያዝያና በግንቦት ሁለት ተመሳሳይ ሣጥኖች ይዘጋጃሉ። አንዱ ባዶ አፈር፣ ሌላው ሣር ከነሥሩ የተተከለበት አፈር ይሆናል። ሁለቱም በእኩል ተዳፋት ይቆሙና በአንድ ዓይነት ጣሳ፣ ከአንድ ከፍታ፣ እኩል ውሃ ይፈስባቸዋል። ከሥራቸው የወረደው ውሃ በብርጭቆ ተጠራቅሞ እስኪጠልል ሲቆይ፣ በየብርጭቆው ሥር የተቀመጠው ደለል በጣት ይለካል። በጎጃም በአንጀኒ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከማሳና ከተፋሰስ የሚወርደውን ውሃና አፈር በመሣሪያ ሲለካ የኖረው በዚሁ ሐሳብ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ሙጋና ሱሃ ወደ ዓባይ ይገባሉ፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ከማሳው የታጠበውን ደለል የሚቀበል ነው። ልጁ በብርጭቆ ሥር ያየው ጭቃ የአባቱ ማሳ እንደ ሆነና ወዴት እንደሚሄድ በዚህ ይረዳል።

5ኛ፤ የገመድ ጨዋታ። ይህ በማናቸውም ወር የሚደረግ ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንዱ ዋንዛ፣ አንዱ ንብ፣ አንዱ ወፍ፣ አንዱ ላም፣ አንዱ ጥንብ አንሣ፣ አንዱም ገበሬ ይባላል። ማን ከማን ጋራ እንደሚገናኝ እየተናገሩ ገመዱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሳልፉታል። ከዚያ አስተማሪው አንዱን ገመዱን እንዲለቅ ያዝዘዋል፤ የገመዱ መላላት ለስንቱ እንደ ተሰማው ይጠየቃል። በሕንድ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990ዎቹ ለከብት ይሰጥ የነበረ ዲክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት የከብቱን ሬሳ የበሉትን ጥንብ አንሣዎች ስለ ገደለ፣ አሞራዎቹ ሊያልቁ ቀረቡ፤ ጥንቡም በየሜዳው ሲቀር ባለቤት የሌለው ውሻ በዛ፣ ከእርሱም ጋራ የውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። ማንም የማይወደው አሞራ ገመዱን ሲለቅ ለሰው የተረፈው ይህ ነው።

ስለ ጥንቃቄ

አስተማሪው ልጆቹን ወደ ደን ከመውሰዱ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ገበዙን ያስፈቅድ፤ የአጸዱም ክብር ይጠበቅ። ከአንድ ቅጠል በላይ አይቀጠፍ፣ የወፍ ጎጆ አይነካ፣ በጉድጓድና በድንጋይ ሥር እጅ አይግባ። የቁልቋል ወተት ዓይን እንደሚጎዳ፣ አስተናግርም መርዝ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገራቸው።

የአስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና የባለ ይዞታዎች ድርሻ

ለዚህ ሥራ ከሹማምንት የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን ትእዛዝ፣ ስፍራና ትዕግሥት ነው።

አንደኛ፣ ለየትምህርት ቤቱ ለችግኝ መደብ የሚሆን፣ ውሃ የሚቀርበው፣ በእሾህ የታጠረ ትንሽ ስፍራ በሕግ ተለይቶ ይሰጥ፤ በየጊዜውም ለሌላ ሥራ አይወሰድ።

ሁለተኛ፣ አስተማሪው በሳምንት አንድ ጊዜ ልጆቹን ይዞ ከክፍል ውጭ ቢውል ሥራ እንደ ፈታ አይቆጠርበት። በጽሑፍ ፈቃድ ካልተሰጠው ነቀፌታን ፈርቶ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ የችግኝ መትከያ ወር ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ነው። ስለዚህ ተከላው ከወላጆችና ከቀበሌው ጋራ አስቀድሞ በሰኔ ይመከርበት። እያንዳንዱ ችግኝ ስሙ የተጻፈ አንድ ልጅና አንድ ቤተ ሰብ ጠባቂ ይኑረው፤ ችግኝ የሚሞተው በተተከለበት ክረምት ሳይሆን በሚቀጥለው በጋ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነውና።

አራተኛ፣ በሪፖርት የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይቈጠር። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል። ልጆች በዓመቱ ተመልሰው ቆመው ያገኙትን ቆጥረው ቢጽፉ፣ ቁጥሩ ቢያንስ እንኳ ለወረዳው ከትልቅ የተስፋ ቁጥር ይልቅ ይጠቅመዋል። ትንሽ ቁጥር ያመጣውን አስተማሪ የሚቆጣ ሹም ልጆችን ውሸት ያስተምራል።

አምስተኛ፣ ባለ ይዞታው በማሳው ዳር ያለውን ሽማግሌ ዋንዛ፣ ወይራ ወይም ብሳና ለዘር እናትነት ያቆይ፤ ልጆቹም መጥተው ፍሬውን ሲለቅሙና ወፉን ሲቆጥሩ አይከልክል። ከብቱንም ከደኑ ዳር ያርቅ፤ የደኑ ቡቃያ ሲያድግ የምንጩ ውሃና የንቡ አበባ የሚመለሱት ለእርሱው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውና መጎዳታቸው የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ዛፍና ስለ ንብ ማውራት ትርፍ ነገር መስሎ ለሚታየው ሰው ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። ከላይ የተጻፉት ሥራዎች ጣራ፣ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ አይጠይቁም፤ ሰላም ባለበት ሰፈር በአንድ ዛፍ ሥር፣ አንድ አስተማሪ ወይም ፊደል የቆጠረ ጎረቤት፣ ገመድና ደብተር ይዞ ሊያስጀምራቸው ይችላል። ከክፍል የራቀ ልጅም ከዕውቀት ፈጽሞ እንዳይርቅ አንድ መንገድ ይሆናል።

የልጆቹ ደብተር በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ ግልባጩም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። ቆጠራው በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ዓይነት ገመድ አሥር ዓመት ቢቀጥል፣ ወረዳው የትኛው ዕፅ እየጠፋ፣ የትኛው ግጦሽ እየተራቆተ፣ የትኛውም ደን ወጣት ዛፍ እያገኘ እንደ ሆነ በጽሑፍ ማስረጃ ያውቃል። በመጀመሪያው ዓመት ገመዱን የያዙት ልጆችም በዚያን ጊዜ መሬት የሚይዙ፣ በቀበሌ የሚሾሙ፣ በደብሩ የሚያገለግሉ ሰዎች ይሆናሉ፤ ምሳር ከማንሣታቸውም በፊት የዛፉን ስም የሚያውቁ ይሆናሉ።